ሰልባቲዮ (የነዳጅ ታንክ) የሚሠራ ሰው ለምትፈልጉ፣ ከምስጋና ጋር

አሮጌ ላንድክሩዘር ወይም ላንድሮቨር አሳድሳችሁ የምትነዱ ሰዎች፣ ይህን ጽሁፍ ሴቭ አድርጉት። ቄራ አካባቢ የሚሠራ አንድ ላሜራ (የብረት ቆርቆሮ) ሠሪ ልጠቁማችሁ ነው። ስሙን እንዳላወጣ አስጠንቅቆኛል። «ሰው ሲበዛ ሥራ ይበላሻል» ባይ ነው። ስለዚህ እዚህ ጋሼ እያልኩ እቀጥላለሁ። የምር የሚፈልገው ሰው በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ።

መኪናዬ ኤፍጄ 40 የምትባለው የቶዮታ ላንድክሩዘር ናት። የተሠራችው እ.ኤ.አ. በ1974 ነው፤ እኛ አገር አብዮቱ በፈነዳበት ዓመት ማለት ነው። ባለ ስድስት ሲሊንደር የቤንዚን ሞተር አላት፣ በካርቡሬተር (ቤንዚንና አየር በሚቀላቅለው ክፍል) ነው የምትሠራው፣ ኮምፒውተር የሚባል ነገር አያውቃትም። ቦዲዋ፣ ቀለሟ፣ ወንበሯ ሁሉ ታድሷል። አዳሾቹ ሰልባቲዮውንም ከውጭ በጥቁር ቀለም አሳምረውታል። ውስጡን ግን ማንም አላየውም።

የዚህ ሞዴል ሰልባቲዮ ጋቢና ውስጥ፣ ከተሳፋሪው ወንበር ሥር እንደሚቀመጥ የምታውቁ ታውቃላችሁ። ቶዮታ ወደ ኋላ አውርዶ ከመኪናው ሆድ ሥር ያደረገው በኋላ ነው። ከ60 ሊትር በላይ ቤንዚን ላይ ሰው ማስቀመጥ ማን እንደፈቀደ እንጃ። ትንሽ ካፈሰሰ ሽታው ቀጥታ አፍንጫ ላይ ነው። ባለቤቴ እዚያ ወንበር ላይ መቀመጥ ካቆመች ሰነባብታለች።

ከሽታው በላይ ያስመረረኝ ግን እንጦጦ ዳገት ላይ መጥፋቷ ነበር። ትጠፋለች፣ ትንሽ ትቆማለች፣ ከዚያ ምንም እንዳልሆነች ሆና ትነሳለች። መካኒኮች ሁሉ ካርቡሬተር ነው አሉ። ይታጠባል፣ ደህና ትሆናለች፣ ተመልሳ ያው። ፊልትሮው (የነዳጅ ማጣሪያው) በተከፈተ ቁጥር ቀይ ዱቄት ይወጣ ነበር። ዝገቱ የነዳጅ መምጠጫው አፍ ላይ ይከማችና ይዘጋዋል። ሞተሩ ጠፍቶ መሳቡን ሲያቆም ደግሞ ተመልሶ ይረግፋል። ይህን ያስረዳኝ ጋሼ ነው።

ሌላ ሰልባቲዮ ሶማሌ ተራ፣ የመኪና ዕቃ መሸጫው ሰፈር፣ ፈልጌ ነበር። ይገኛል፣ ግን የሚገኘው እንደኔው የዛገ ነው፣ ዋጋው ደግሞ የቅርስ ዋጋ። ከውጭ አስመጣለሁ ብዬ ሳሰላ የአውሮፕላን ጭነቱና ቀረጡ ከዕቃው በለጠ። አንድ በያጅ ደግሞ «አምጣው፣ እዚሁ እለጥፍልሃለሁ» አለኝ።

ጋሼ ጋ ስሄድም የጠየቅሁት ያንኑ መለጠፍ ነበር። እንቢ አለ። ገንዘብ ይዞ የመጣን ሰው እንቢ የሚል ባለሙያ ካየሁ ቆይቻለሁ። «ልጄ፣ ሙሉው አይደለም የሚገድለው፣ ባዶው ነው» አለኝ። ቤንዚኑ ቢቀዳም ትነቱ ይቀራል፣ ትነቱ ከአየር ጋር ሲቀላቀል አንዲት ብልጭታ ትበቃዋለች። በዚህ ሥራ ላይ ዓይኑን ያጣ ሰው በቅርብ ያውቃል፤ ዝርዝሩን አልጠየቅሁትም።

አሮጌው እንደማይበየድ፣ በምትኩ አዲስ እንደሚሠራ ከተስማማን በኋላ በሙቅ ውሃና በሳሙና ደጋግሞ አጠበው። ከዚያ መቁረጫው መስመር ድረስ ውሃ ሞላበትና በእጅ፣ በብረት መጋዝ ቆረጠው። ግራይንደር አጠገቡ አላስደረሰም። የቆረጠው ለአዲሱ ልኬት እንዲሆነው ነው፤ የመሙያው አንገትና የነዳጅ ለኪው ማሰሪያ ደግሞ ደህና ስለነበሩ ሊያተርፋቸው ፈልጓል። ውስጡን ሲያሳየኝ ደነገጥኩ። ጥገና በጥገና ላይ ተደራርቦ፣ አንድ ዘመን የተቀባ ማሸጊያ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተልጦ ቆሟል። ግማሽ ነዳጅ ይዛ ክረምቱን ሙሉ የምትቆም መኪና እንዲህ ትሆናለች አለኝ፤ በባዶው ቦታ ያለው እርጥበት ሌሊት ሲቀዘቅዝ ውሃ ሆኖ ይወርዳል። አዲስ አበባ ላይ ቤንዚን ከፊንጫና ከመተሐራ ኢታኖል ጋር ተደባልቆ ይሸጥ የነበረበትንም ጊዜ አነሳልኝ። ኢታኖል ውሃ ይስባል።

አዲሱን ከአንድ ሚሊ ተኩል ላሜራ ሠራው። ውስጡን ቀዳዳ ባላቸው ግድግዳዎች ከፋፈለው፣ ኩርባ ላይ ነዳጁ ወዲያ ወዲህ እንዳይማታ። ዝቅተኛው ቦታ ላይ ማፍሰሻ ታፖ (የሚከፈት መድፈኛ) አደረገለት። መምጠጫውን ከወለሉ የጣት ያህል ከፍ አደረገው፣ ቆሻሻ ቢኖር እንኳ ታች እንዲቀር። የአየር መተንፈሻውን ቱቦም አልረሳም። እሱ ከተዘጋ ሰልባቲዮው አየር አጥቶ ነዳጅ መስጠት ያቆማል።

ከዚያ ቀዳዳዎቹን ሁሉ ደፍኖ ትንሽ አየር ሞላበትና ረዳቱ የሳሙና አረፋ ቀባችው። ወጣት ልጅ ናት፣ ዓይኗ ግን አያድርስ ነው። እኔም እሱም ያላየናትን የመርፌ ጫፍ የምታህል አረፋ ከታችኛው ብየዳ ላይ አገኘቻት። ተበየደ፣ እንደገና ተፈተነ። እህቴ፣ ለአንቺም ምስጋናዬ ይድረስሽ።

ሲገጠም ነዳጅ ሞልተን ጌጁ ባዶ ይላል። እኔ ለኪው ተቃጠለ ብዬ አዲስ ልፈልግ ስነሳ ጋሼ ሳቀ። ሰልባቲዮው ቀለም ተቀብቷል፣ እንዳይንቀጠቀጥ ደግሞ ጎማ ላይ ተቀምጧል፣ ስለዚህ ማሳ (ኤሌክትሪኩ በመኪናው ብረት በኩል የሚመለስበትን መስመር) አላገኘም። ከለኪው እስከ ሻንሲ (የመኪናው የብረት አጽም) አንድ ሽቦ ዘረጋ፣ ጌጁ ተነሳ። የድሮ የነዳጅ የጎማ ቱቦዎችንም ሁሉ አስቀየረኝ፣ ወደ ሞተር የሚሄደውን ቱቦ በአየር አስነፋው።

አሁን እንጦጦን ሳትንተፋተፍ ትወጣለች። ባለቤቴም ወደ ወንበሯ ተመልሳለች፣ ለጊዜው መስኮት ከፍታ ቢሆንም።

እንዳትታለሉ፣ ሰውየው ፈጣን አይደለም። ሰኞ ካለ ሐሙስ ጠብቁ። ዋጋውም ከመለጠፍ ጋር አይወዳደርም። ግን የላሜራውን መግዣ ደረሰኝ አምጥቶ በእጄ ሰጠኝ፣ የተረፈውን ቁራጭ እንኳ «ያንተ ነው» ብሎ መኪናው ላይ ጫነልኝ።

ስትሄዱ ነዳጁን ቀድታችሁ፣ ክዳኑንና ለኪውን ይዛችሁ ሂዱ፤ ነዳጅ ያለበትን አይቀበልም። በአንድ ጊዜ የሚይዘው አንድ ሥራ ብቻ ስለሆነ ወረፋ ሊኖር ይችላል። ስልክ አያነሳም። ጠዋት በአካል ድረሱበት፤ ከሰዓት በኋላ የብየዳ ማስኩን አጥልቆ ስለሆነ የሚውለው አያናግራችሁም።