ስምንት ወር ከአዲሱ ቴፕ ጋር፦ የአክስቴን ሰርግ የበላብኝ ዕቃ

አዲሱ ቴፕ ካሴቱን የበላው ሐምሌ ላይ ነው። የደብረ ብርሃንን የሐምሌ ጠዋት የኖረበት ያውቀዋል። ጋቢ ደርቤ፣ ቡናው ሳይፈላ፣ ቴፑን ከፈትኩት። ማሲንቆው ተንቀጠቀጠ። ከዚያ ድምፁ ወፈረ፣ ተጎተተ፣ ጥፍት አለ። ስከፍተው ክሩ ከካሴቱ ወጥቶ ትንሿ ጎማ ላይ ተጠምጥሟል።

ካሴቱ የአባቴ ነው። ባለ 60 ደቂቃ። ጀርባው ላይ በራሱ እጅ «የእህቴ ሰርግ፣ መሐል ሜዳ፣ ጥር 1981» ብሎ ጽፎበታል። የራሱን የድሮ ቴፕ ከነባትሪ ድንጋዩ ተሸክሞ መንዝ ድረስ ወስዶ የቀዳው ነው። ሌላ ቅጂ የለውም።

ክሩን በጥፍሬ ቀስ እያልኩ አወጣሁት። ከዚያ እስክሪብቶ ቀዳዳው ውስጥ ከትቼ አጠነጠንኩት። የተጨማደደው አንድ ስንዝር አይሞላም። ግን ካሴት በሰከንድ 4.76 ሴንቲ ሜትር ነው የሚሄደው። አንድ ስንዝር ማለት አራት ሰከንድ ነው። የአያቴ እልልታ እዚያ ውስጥ ነበር። አሁን እዚያ ቦታ ሲደርስ ድምፁ ትራስ እንደታፈነበት ይሆንና ይመለሳል። አክስቴ ስትሰማው ወዲያው ነው ያወቀችው። «እዚህ ጋ እናቴ እልል ትል ነበር እኮ» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

ዕቃውን የገዛሁት ታኅሣሥ ላይ፣ መርካቶ ነው። የአባቴ የድሮ ቴፕ መዞር አቁሞ ነበር። አዲስ ልግዛና ልገላገል አልኩ። ሻጩ ብሉቱዝ አለው፣ ፍላሽ ያነባል፣ ሚሞሪ ይወስዳል፣ መብራቱም ከዘፈኑ ጋር ይጨፍራል አለኝ። ወንድሜ፣ እኔ መቼ መብራት ጠየቅሁህ? ካሴት በደንብ ያጫውታል ወይ ነው ያልኩህ። «ኦርጅናል ነው» አልከኝ። ኦርጅናል ማለት ለጥያቄዬ መልስ አይደለም። አንድ ካሴት ከትተህ ብታሰማኝ ኖሮ ሁለታችንም እናውቅ ነበር። ሱቅህ ውስጥ ግን መሞከሪያ የሚሆን አንድ ካሴት እንኳ አልነበረም። ያኔ መንቃት ነበረብኝ።

ሬድዮው ጥሩ ነው። ፍላሹም ይሠራል።

ችግሩ ውስጡ ነው። ማንኛውም ቴፕ ውስጥ የሚሽከረከር ክብ ብረት አለ። የመኪና ሰዎች ቮላኖ የሚሉት ዓይነት ነው። እሱ ከባድ ሲሆን ክሩ እኩል ይሄዳል። ቀላል ከሆነ ይንገዳገዳል። ከበሮና ጭብጨባ የበዛበት ዘፈን ላይ ብዙም አይታወቅም። ማሲንቆ ላይ ግን መደበቂያ የለውም። አንድ ድምፅ ረዘም አድርጎ ሲስብ መንቀጥቀጡ ቁልጭ ብሎ ይሰማል። በዚያ ላይ ብርዱ አለ። ጎማው ይደርቃል፣ ቅባቱ ይረጋል፣ ሞተሩ አቅም ያጣል። ክሩን የሚያወጣው ጎን ሲሠራ የሚጠቀልለው ጎን ከሰነፈ ክሩ መሃል ላይ ይከመራል። ካሴት ተበላ የምንለው ይሄንን ነው።

ያስቆጨኝ ካሴት ራሱ እንዲህ ደካማ ነገር ስላልነበረ ነው። ፊሊፕስ እ.ኤ.አ. በ1963 በርሊን ላይ ሲያሳየው ዋናው ሐሳብ ትንሽ ይሁን፣ እጅ ክሩን አይንካው የሚል ነበር። ሥራውን የመራው ሆላንዳዊው ሉ ኦተንስ ነው። ልኩን ለማግኘት ኮት ኪስ ውስጥ የሚገባ እንጨት አስጠርቦ ነበር ይባላል። እኛ አገር መጀመሪያ ዘመኑ የሸክላ ነበር። ሙዚቃ አሳታሚው አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 ሸክላ ማሳተም ጀመረ፣ እነ ካይፋ የሚባሉ ሌሎች አሳታሚዎች ተከተሉ። በደርግ ዘመን ሸክላው ቀረና ካሴት ቦታውን ያዘ። የደሴ መንገድ ሹፌር የጣርማ በርን ዳገት የሚወጣው ካሴት እየሰማ ነበር። ሸክላ በዚያ ኮረኮንች አይታሰብም ነበር። በገበያ ቀን ሙዚቃ ቤቱ ድምፅ ማጉያውን በር ላይ ያወጣ ነበር፣ ከገጠር የመጣው ሰው ቆሞ ሰምቶ ገዝቶ ይሄድ ነበር። ሲዲ ከመጣ በኋላ እንኳ «እገሌ አዲስ ካሴት አወጣ» ማለታችንን አልተውንም።

ያው ቅለቱ ነው በኋላ የጎዳው። ሁለት ካሴት የሚይዝ ቴፕ ያለው ሁሉ መገልበጥ ቻለ። ዘፋኙ አንድ ሲሸጥ ጎረቤቱ ስንቱን እንደገለበጠ ማን ይቆጥራል? የቅጂ መብት አዋጁ ቁጥር 410/1996 ሲወጣ ጊዜው ወደ ሲዲ እየዞረ ነበር። ከዚያ ፍላሽ መጣ፣ ከዚያ ስልክ። ጥሩ የካሴት ማሽን ይሠሩ የነበሩ ትልልቅ ፋብሪካዎችም ሥራውን ተዉት። ዛሬ አዲስ ተብሎ የሚሸጠው እንግዲህ ይሄ የእኔው ዓይነት ነው።

ከሐምሌው ጉድ በኋላ የአባቴን ቴፕ ይዤ እዚሁ ከተማ አንድ ሽማግሌ ጠጋኝ ጋ ሄድኩ። ከፍተው አሳዩኝ። ቤልቱ፣ ሞተሩ ቮላኖውን የሚያዞርበት የጎማ ቀበቶ፣ ቀልጦ እንደ ሬንጅ ሆኗል። በአልኮል ጠረጉት፣ ከመሳቢያቸው ልኩን ፈልገው ሌላ አስገቡ፣ ድምፁን ከክሩ ላይ የሚያነበውን ሄድ የሚባለውንም በጥጥ አጸዱልኝ። ቮላኖውን መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ። ይከብዳል! «ይሄን እያለህ ነው ያንን የገዛኸው?» አሉኝ። የከፈልኳቸው ለአዲሱ ካወጣሁት አንድ አሥረኛ አይሆንም።

አሁን ማሲንቆው ቀጥ ብሎ ይሄዳል። አባቴ የተወልኝን 38 ካሴቶች በገመድ ወደ ስልክ እየገለበጥኩ ነው፣ 12ኛው ላይ ደርሻለሁ። ጠዋት አልነካውም። ፀሐይ ወጥታ ቤቱ ሞቅ ሲል ነው የምከፍተው። የመቅጃ ቀዳዳቸው በፕላስተር የተሸፈነውን ደግሞ አስቀድሜ እልጣለሁ፣ በስህተት እንዳልቀዳበት።

አዲሱ ወጥ ቤት ገብቷል። ባለቤቴ ዜና ትሰማበታለች። የሚፈልገው ካለ ለሬድዮ ይሆነዋል፣ በግማሽ ዋጋ እሸጣለሁ። ካሴት ግን አደራ፣ እንዳትከቱበት።