ቴሌግራም፣ ጉግል ክላስሩም ወይስ ሙድል? የኦንላይን ኮርስ ለምትጀምሩ

«ኮርሴን የት ላስተምር?» የሚለኝን ሰው መልሼ እጠይቀዋለሁ፦ ተማሪህ ሲጨርስ ምን ሠርቶ እንዲያሳይህ ትፈልጋለህ? ምርጫው ከዚያ ነው የሚጀምረው። እኔ የማስተምረው ፒችትሪ የሚባለውን የሂሳብ አያያዝ ሶፍትዌር ነው። ስለዚህ የተማሪዬን እጅ ሥራ ማየት አለብኝ።

ቴሌግራም ለመጀመር የሚቀድመው የለም። ተማሪው ስልኩ ላይ አለው፣ አጠቃቀሙንም ያውቀዋል። በነጻ እስከ 2 ጊጋባይት የሚደርስ ፋይል መጫን ይቻላል። ጣጣው የቤት ሥራ ላይ ነው። አንድ ጊዜ ግሩፕ ውስጥ ባንክ ሪኮንሲሌሽን (የባንክን መግለጫ ከራስ መዝገብ ጋር ማስታረቅ) የቤት ሥራ ሰጠሁ። ማታ ስከፍተው የተማሪዎቹ ፎቶዎች በ«እንኳን አደረሳችሁ» እና በ«ድምፁ አይሰማም» መሀል ተበታትነዋል። ማን እንደላከ ለመለየት ወረቀትና እስክሪብቶ ያዝኩ። እንዲያም ሆኖ የአንዲት ልጅ ሥራ አመለጠኝ፤ ያየሁት ከአምስት ቀን በኋላ ነው። እሷ ግን በየቀኑ መልስ ስትጠብቅ ነበር። እስካሁን ይቆጨኛል።

ጉግል ክላስሩም ለዚህ መፍትሔ አለው። ያስረከበና ያላስረከበ በስም ተለይቶ ይታያል። አንዱን የመልመጃ ሰነድ ለእያንዳንዱ ተማሪ ኮፒ አድርጎ ይሰጣል፣ እርማቱንም እዚያው ላይ ትጽፋላችሁ። ጂሜይል ላለው ሰው ነጻ ነው። ፋይሎቹ ግን ከጂሜይላችሁና ከፎቶዎቻችሁ ጋር ጉግል በነጻ የሚሰጠውን 15 ጊጋባይት ቦታ ይሻማሉ። ክፍያም አይቀበልም፤ የቴሌብር ስክሪንሾት ማመሳከሩ የእናንተ ሥራ ነው።

ሙድል በራሳችሁ ሰርቨር ላይ የምትጭኑት የማስተማሪያ ሶፍትዌር ነው። ሶፍትዌሩ ነጻ ነው፤ ለሰርቨርና ለዶሜን (ለድረ ገጹ አድራሻ) ግን ይከፈላል፣ የሚከታተለው ባለሙያም ይፈልጋል። የመጀመሪያውን ምዕራፍ ፈተና ላላለፈ ተማሪ ሁለተኛው እንዳይከፈትለት ማድረግ ትችላላችሁ። በስልክ አፑ ደግሞ ተማሪው ዋይፋይ ካለበት ትምህርቱን አውርዶ ቤቱ ያለ ኔትወርክ ያነባል።

ለመጀመሪያ ዙር እኔ ክላስሩምን እመርጣለሁ፤ ቴሌግራም ለማስታወቂያና ለጥያቄ አጠገቡ ይሁን። ሙድል ላይ ገንዘብ አውጡ የምለው ያንኑ ኮርስ ደጋግመው ለሚሰጡ ነው።

የትኛውንም ብትመርጡ የ40 ደቂቃ ቪዲዮ አትጫኑ። የተማሪው ፓኬጅ ቀድሞ ያልቃል። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ ኤድኤክስ በሚባለው የኦንላይን ትምህርት መድረክ ኮርሶች ላይ የተሠራ ጥናትም ቪዲዮው የቱንም ያህል ቢረዝም ተማሪዎች በአብዛኛው ከ6 ደቂቃ በላይ እንደማይቆዩ አሳይቷል። ለምሳሌ በፒችትሪ ደንበኛ መመዝገብ ለብቻው፣ ደረሰኝ ማስገባት ለብቻው ይቀረጽ፤ ከእያንዳንዱ ሥር አንድ መልመጃ ይኑር።