«የማያልቅ ሽንኩርት» የሚባለውን ቆርጣችሁ ሳታዩ አትግዙ

ሱሉልታ፣ ሰበታ፣ ለጣፎና ሰንዳፋ አካባቢ ጓሮ ያላችሁ ወገኖች፣ «አንዴ ከተከላችሁት ለዓመታት ትበሉታላችሁ» ተብሎ በውድ የሚቀርብላችሁ የሽንኩርት ራስ ቦምቤይ ሬድ የሚባለው ተራ የቀይ ሽንኩርት ዝርያ ሊሆን ስለሚችል ተጠንቀቁ።

ራሱን እያበዛ የሚቀጥለው የአበሻ ሽንኩርት ነው። አንዱ ራስ ሥሩ ላይ አራት አምስት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ልጆች ያወጣል። ቦምቤይ ግን የሚራባው በዘር ነው። ራሱን በእኛ ብርዳማ ደጋ ስትተክሉት ወፍራም፣ ውስጡ ክፍት የሆነ አገዳ አውጥቶ ያብባል፤ ዘር አምራቾችም ራስ የሚተክሉት ለዚሁ ነው። መጀመሪያ ቅጠሉ ስለሚያምር ገዢው መታለሉን አያውቅም። ሲነቅለው ግን የተከለው ራስ ሟሙቶ ያገኘዋል።

መለያው ቢላ ነው። ከክምሩ ሦስት አራት ራስ አንሱና ወገባቸው ላይ አግድም ቁረጡ። የአበሻው በአንድ ልጣጭ ሥር ሁለት ሦስት ለየብቻ የተጠቀለሉ ልቦች ያሳያችኋል። ቦምቤይ በአብዛኛው አንድ ልብ ነው፤ አልፎ አልፎ መንታ ስለሚገኝበት በአንድ ራስ ብቻ አትፍረዱ። ጎኑንም ዳብሱት፤ የአበሻው ከወንድሞቹ ተጣብቆ ስላደገ አንድ ጎኑ ጠፍጠፍ ይላል። አላስቆርጥም ያለ ሻጭ ካጋጠማችሁ ተዉት።

ከሁሉ የሚከፋው በሽታው ነው። ቂጡ ላይ ጥጥ የመሰለ ነጭ ሻጋታ፣ በላዩም ከጎመን ዘር ያነሱ ጥቋቁር ፍሬዎች ካያችሁ በነጻ ቢሰጧችሁም ወደ ግቢ አታስገቡት። ፍሬዎቹ አፈር ውስጥ እስከ 20 ዓመት ይቆያሉ፤ ነጭ ሽንኩርቱንም ይጨርሱታል። የታመመውን አቃጥሉት እንጂ ብስባሽ ውስጥ አትጣሉት።

እውነተኛው የአበሻ ሽንኩርትም ቢሆን መሬት ውስጥ ተትቶ ለዓመታት አይኖርም፤ ክረምቱ በተለይ ኮትቻ (ውሃ የሚቋጥር ጥቁር ሸክላ) መሬት ላይ ያበሰብሰዋል። ቅጠሉ ሲወድቅ ነቅላችሁ ጥላ ውስጥ አድርቁት፣ የተወሰነውን ለተከላ አስቀሩ። አዲስ የተነቀለ ቶሎ ስለማይበቅል ጥቂት ሳምንታት ይረፍ። ስትተክሉት መደቡን 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርጉ፣ በመስመሮች መካከል 20፣ በራስና በራስ መካከል 15 ሳንቲ ሜትር ተዉ፣ ጫፉ ከአፈሩ እኩል ይሁን፤ ጠልቆ የተቀበረ ይበሰብሳል። ያልተብላላ ፍግ አታስጠጉት። የአበባ አገዳ ካወጣ ገና ለጋ ሳለ ቁረጡት።

የገዛችሁት ቦምቤይ ሆኖ ከተገኘ ሳያብብ ቅጠሉን እየቆረጣችሁ ለወጥና ለሰላጣ ተጠቀሙበት።