ታብሌት የምትገዙ ተጠንቀቁ፦ «የሲም ቦታ» ተብሎ የሚታያችሁ ቀዳዳ የሲም ላይሆን ይችላል

እየተናደድኩ ነው የምጽፈው፤ አንዳንድ ቦታ ላይ ቢመረኝ አትፍረዱብኝ።

ሲም የሚወስድ ታብሌት ልገዛ ገብቼ ዋይፋይ ብቻ የሆነ ታብሌት ታቅፌ ወጣሁ። ልዩነቱ ጠፍቶኝ አይደለም። ጠይቄያለሁ። ደግሜም ጠይቄያለሁ። ሰውዬው ዓይን ዓይኔን እያየ ዋሽቶኝ ነው።

ሻጩን ታውቁታላችሁ። እሱን ራሱን ባታውቁት ዓይነቱን ታውቁታላችሁ። ገና በሩን ሳታልፉ «ግቢ እህቴ፣ ምን ልርዳሽ» የሚለው ነው። የፈለጋችሁትን ተናግራችሁ ሳትጨርሱ ሳጥኖቹን ደርድሮ የሚጠብቃችሁ። «ይሄን ለሰው አስቀምጬው ነበር፣ አንቺ ስለሆንሽ ነው» የሚለው። ሒሳብ እስክትከፍሉ ድረስ እህቱ ናችሁ።

ሥራዬ ቀኑን ሙሉ ከደንበኛ ደንበኛ መዞር ነው። ትዕዛዝ እቀበላለሁ፣ ፎርም እሞላለሁ፣ ካርታ እያየሁ ቀጣዩን ቦታ እፈልጋለሁ። የምሄድበት ሁሉ ዋይፋይ የለም። ቢኖርም በየሄድኩበት «ፓስወርዳችሁን ንገሩኝ» እያልኩ መለመን አልፈልግም። ስለዚህ ገና እንደገባሁ ያልኩት አንድ ነገር ነው። «ሲም የሚገባበት ታብሌት ነው የምፈልገው። ዋይፋይ ብቻ የሆነውን እንዳታሳየኝ።» ከዚህ በላይ እንዴት ግልጽ ይኮናል?

«አለ!» አለኝ። አላሰበም፣ አላመነታም።

አንዱን ሳጥን ከፍቶ ታብሌቱን አወጣው። ደስ የሚል ዕቃ ነው፣ አልዋሽም። ስክሪኑ ሰፊ፣ ቀለሙ ጥርት ያለ። «ፋይቭ ጂ ነው ደግሞ» አለና ሳጥኑ ላይ ያለችውን 5 ቁጥር በጣቱ ነካ ነካ አደረጋት። ኋላ ቤቴ ሆኜ አጠገቧ ያለውን ሳነበው 5 ጊጋኸርዝ ይላል። ይሄ የዋይፋይ ሞገድ ነው። የአሁኖቹ ዋይፋዮች በአብዛኛው በ2.4 እና በ5 ጊጋኸርዝ ይሠራሉ። ከሞባይል ኔትወርክ አምስተኛ ትውልድ ጋር ቁጥሯ ከመመሳሰሏ በቀር የሚያገናኛቸው ነገር የለም። ይሄ የተለመደች ማታለያ ነች። ርካሽ ታብሌቶች ላይ በትልቁ «5ጂ» ተብላ ታትማ ሁሉ ታገኟታላችሁ።

ግን ያ ትንሹ ውሸት ነበር።

«ሲም የሚገባው የት ነው?» አልኩት።

«ይኸው!» ፒኗን ከሳጥኑ አወጣ። ታብሌቱን በጎኑ አቆመው። ጠርዙ ላይ ያለችውን ቀዳዳ በፒኗ ጫን አደረጋት። ጠቅ። መያዣዋ ብቅ አለች። በሁለት ጣቱ ስቦ አወጣትና፣ የነቀለውን ጥርስ እንደሚያሳይ ሐኪም፣ ከፍ አድርጎ አሳየኝ። «ሲምሽን እዚህ ላይ ታስቀምጫለሽ። ትከቻለሽ። አለቀ።»

አየሁት። ስልኬ ላይ ያለውን የሲም መያዣ ነው የሚመስለው። በፒን ይከፈታል፣ ትንሽ ካርድ የሚቀመጥበት ጎድጓዳ ቦታ አለው። እኔ ግን በዓይን ብቻ አላመንኩም። «እስቲ የኔን ሲም አስገብተን እንየው» ብዬ ስልኬን ከቦርሳዬ ማውጣት ጀመርኩ።

መያዣዋን እንዴት ባለ ፍጥነት ወደ ቦታዋ እንደመለሳት ብታዩ! እጄ ገና ቦርሳዬ ውስጥ ነው። «አሁን አይሆንም እህቴ። አዲስ ዕቃ መጀመሪያ ሙሉ ቻርጅ መደረግ አለበት። ቤትሽ ገብተሽ፣ ተረጋግተሽ ታስገቢዋለሽ። አሁን ብናስገባው ሲሙን ሊያቃጥልብሽ ይችላል።»

ሲም የሚያቃጥል ታብሌት! ይህን ያለው ቀልድ እንደሚያወራ ሰው ፈገግ ብሎ አይደለም። ግንባሩን ቋጥሮ፣ ለኔ ሲም ተጨንቆ ነው። እስካሁን የሚያናድደኝ ውሸቱ አይደለም፣ ያ የተጨነቀ ፊቱ ነው። አጠገቡ የቆመው ሌላው ልጅ ደግሞ «አዎ፣ አዎ፣ ይቃጠላል» እያለ ራሱን ይነቀንቃል። ተለማምደውታል ማለት ነው። የመጀመሪያዋ እኔ አይደለሁም፣ የመጨረሻዋም አልሆንም፣ ለዚህም ነው የምጽፈው።

ቤቴ ገባሁ። እንደተባልኩት ቻርጁን ሞላሁ። ሲሜን ከስልኬ አውጥቼ መያዣዋ ላይ አስቀመጥኳት። ተንሳፈፈች። ወዲህ ስገፋት ወዲያ ትሄዳለች። የምንጠቀምባት ትንሿ ናኖ ሲም 12.3 በ8.8 ሚሊሜትር ናት። የሜሞሪ ካርድ ደግሞ 15 በ11 ሚሊሜትር ነው። መያዣዋ የተሠራችው ለሜሞሪ ካርድ ነው። ዋይፋይ ብቻ የሆኑ ብዙ አንድሮይድ ታብሌቶች ይቺን መያዣ አላቸው፣ በዚያው በፒን ነው የምትከፈተው። ሻጩ ያሳየኝ የፎቶና የፊልም ማከማቻ ቦታ ነበር።

እንደዚያም ሆኖ ከተትኩት፣ አበራሁት። ምንም። ልብ በሉ፣ ሲም የሚወስድ ዕቃ ሲሙ ቢጠፋበት እንኳ ይናገራል። ከላይ «ሲም የለም» ይላል፣ ወይም የተሰረዘ ምልክት ያሳያል። ይሄኛው ዝም። ሴቲንግ ውስጥ ገባሁ። ዋይፋይ አለ፣ ብሉቱዝ አለ፣ የሞባይል ኔትወርክ የሚባል መስመር ጭራሽ የለም። ስለ ታብሌቱ የሚናገረው ገጽ ላይ የመለያ ቁጥሩ አለ፣ አይኤምኢአይ የሚባለው፣ ከሞባይል ኔትወርክ ጋር የሚገናኝ ዕቃ የሚሰጠው ቁጥር ግን የለም።

ሳጥኑን አገላብጬ አየሁት። ጀርባው ላይ የሱቁ ስቲከር ተለጥፏል። «ይህ ስቲከር ከተነሳ ዋስትና አይሠራም» ይላል። ሰፋ ያለ ስቲከር ነው፣ ለአንድ ዓረፍተ ነገር ይህን ያህል ስፋት ምን ያደርጋል? ጫፉን ቀስ ብዬ አነሳሁት። ከሥሩ የሞዴል ቁጥሩ አለ። ከሞዴል ቁጥሩ አጠገብ ደግሞ «ዋይፋይ» የሚል ቃል፣ ብቻውን።

አስተውሉልኝ። ሊሸውዱኝ የሸፈኑትን ጽሑፍ ለማየት ዋስትናዬን መቅደድ ነበረብኝ።

ስመለስ ያ ወንድሜ አላወቀኝም። ዓይኑን በጨው አጥቦ «ግቢ እህቴ፣ ምን ልርዳሽ» አለኝ! ሳጥኑን ጠረጴዛው ላይ ሳስቀምጥ ፊቱ ጠፋ። «አለቃን አናግሪ» ብሎ ወደ ውስጥ ገባ፣ ከዚያ በኋላ አላየሁትም።

አለቃው ከወንበሩ አልተነሳም። ስልኩን እያየ ነው የሚያዳምጠኝ። ስጨርስ ቀና ሳይል «የተከፈተ ዕቃ አንመልስም» አለ። የከፈተው የናንተ ሰው ነው ብለው፣ እኔ ምን አውቄ አለኝ። ዋስትናውስ ስለው ሳጥኑን ገልበጥ አደረገና «ስቲከሩ ተነስቷል ሴትዮ» አለ። እህትነቴ እዚህ ላይ አበቃ። ስቲከሩ ምን ላይ እንደተለጠፈ ላሳየው ሞከርኩ። ሊያየው አልፈለገም።

«ታብሌቱ ይሠራል አይደል?»

«ይሠራል፣ ግን እኔ ያልኩት—»

«ይሠራል። በቃ። ስልክሽ ላይ ሆትስፖት ክፈቺና ተጠቀሚ። የተማርሽ ትመስያለሽ እኮ።»

ከኋላ አንዱ ሳቀ። ገንዘቡን እንኳ ረስቼው ነበር፣ ያቺ ሳቅ ግን እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለች። ሲሰናበተኝ ደግሞ ሌላ አማራጭ ሰጠኝ። ታብሌቱን በአሮጌ ዋጋ ይረከበኝና እኔ ልዩነቱን ጨምሬ «እውነተኛውን» የሲም ታብሌት እወስዳለሁ። እውነተኛውን! ለካ እሱም ነበራቸው። ዋይፋይ ብቻ የሆነው አልሸጥ ብሏቸው ነው በሲሙ ዋጋ የሰጡኝ።

ሆትስፖቱን፣ ማለትም የስልክን ዳታ በዋይፋይ ለታብሌቱ ማካፈሉን በተመለከተ፣ ይሄ ወሬ ለሁላችሁም ስለሚነገራችሁ አንድ ነገር ልበል። አልፎ አልፎ ለሚጠቀም ሰው ሆትስፖት ይበቃል። ቀኑን ሙሉ ሥራ ላይ ለሆነ ግን ስልኩን መግደል ነው። ባትሪው ያልቃል፣ ስልኩ ይግላል፣ ትንሽ ሳትጠቀሙ ከቆያችሁ ብዙ ስልኮች ሆትስፖቱን ራሳቸው ያጠፉታል። ጥሪ በአራተኛው ትውልድ ኔትወርክ ላይ በማይሄድበት ቦታ ደግሞ ስልክ ሲደወል ዳታው ሊቋረጥ ይችላል። ደንበኛ ፊት ቆማችሁ ፎርም ስትሞሉ ሌላ ደንበኛ ይደውላል፣ ፎርሙ ይሽከረከራል። ሲም ገብቶበት ዋይፋይ የሚሰጠው የኪስ ራውተርም መፍትሔ ነው፣ ግን ሌላ ቻርጅ የሚደረግ፣ ሌላ የሚረሳ ዕቃ ነው።

ካርታውም አለ። አይፓድ ለምትገዙ በተለይ፦ ዋይፋይ ብቻ የሆነው አይፓድ ጂፒኤስ የለውም፣ ሲም የሚወስደው ግን አለው። ዋይፋይ ብቻ የሆነው ያላችሁበትን የሚገምተው በዙሪያው ካሉ ዋይፋዮች ነው። መንገድ ላይ ሲሆን ነጥቧ ትዘላለች። አንድሮይዶቹ እንደ ሞዴሉ ይለያያሉ፣ ብዙዎቹ ዋይፋይ ብቻ ሆነውም ጂፒኤስ አላቸው። ይህንንም የሚነግራችሁ ሻጭ የለም።

ዋይፋይ ብቻ የሆነ ታብሌት መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም። ቤት ውስጥ ፊልም ለሚያይ፣ ልጁን ለሚያስጠና፣ መሥሪያ ቤቱም ቤቱም ዋይፋይ ላለው ሰው ለሲሙ ተጨማሪ መክፈል ገንዘብ መጣል ነው። ሲም የሚወስደውም የራሱ ጣጣ አለው። ወርኃዊ ጥቅል ይፈልጋል። ለሌላ አገር ገበያ የተሠራ ከሆነ የናንተን ኔትወርክ ሞገድ ላይዝ ይችላል፣ ወይም በአንድ ኩባንያ ተቆልፎ ይመጣል። ሲም ያለው ሁሉ ስልክ ይደውላል ማለትም አይደለም፤ አይፓድ ሲም ቢኖረውም እንደ ስልክ ቁጥር መትታችሁ አትደውሉበትም፣ ሲሙ ለዳታ ነው። መምረጥ የኔ ፋንታ ነበር። የመረጥኩትን መስጠት ደግሞ የነሱ።

ለምትገዙ፣ ባጭሩ። ሴቲንግ ውስጥ ስለ ታብሌቱ የሚናገረውን ገጽ ክፈቱና ባለ 15 አሃዙን አይኤምኢአይ ፈልጉ። ዋይፋይ ብቻ የሆነ ታብሌት ይህ ቁጥር የለውም። ቀዳዳ ማየት አይበቃም፤ በ2024 የወጡት አይፓድ ፕሮና አይፓድ ኤርን የመሳሰሉት ደግሞ ኢሲም (ካርድ የሌለው፣ ዕቃው ውስጥ የተሠራ ሲም) ብቻ ስለሚጠቀሙ የሲም ቀዳዳ የላቸውም፣ ስለዚህ «ይሄ ኢሲም ነው» የምትል ውሸትም ትመጣለች። የሞዴል ቁጥሩን ራሳችሁ ፈልጉት። ለምሳሌ የሳምሰንግ ጋላክሲ ታብ ኤ8 ዋይፋይ ብቻ ሲሆን ኤስኤም-ኤክስ200 ነው፣ ሲም የሚወስደው ኤስኤም-ኤክስ205። ከውጭ ሲታዩ መንታ ናቸው፣ ልዩነታቸው መጨረሻ ላይ ያለችው አንድ ቁጥር ናት። ስቲከር ከሸፈናት ከመክፈላችሁ በፊት ሻጩ ራሱ ያንሳው።

ደረሰኙ ላይ «ታብሌት» ብቻ ተብሎ አይጻፍ። የኔ እንደዚያ ነው የሚለው፣ ለዚህም ነው አለቃው ደረቱን ነፍቶ ያወራው። «ሲም የሚወስድ» ይባል፣ የሞዴል ቁጥሩ ይጻፍ፣ ማኅተም ይረፍበት።

ሲማችሁንም እዚያው አስገቡት። ዋይፋዩን አጥፉና አንድ ገጽ ክፈቱ። «ቤትሽ ገብተሽ ሞክሪው» ካለ ገንዘባችሁን ይዛችሁ ውጡ።