የማርሚታ ብሎን ጥርሱ ሲበላ፦ ወፍራም ብሎን፣ ሄሊኮይል ወይስ ቡሺንግ?

ከሸዋ ሮቢት ጣርማበርን የሚወጣ ቮልስ ሞተሩ ያለ እረፍት ይግላል፤ ደብረ ብርሃን ሲደርስ ደግሞ ብርዱ ይቀበለዋል። ማርሚታው (የጭስ ማፈኛው) በብሎን የሚታሰርበት የአሉሚኒየም ቴስታታ (የሲሊንደሮቹ ክዳን) በሙቀት የሚለጠጠው የብረቱን ብሎን እጥፍ ገደማ ነው። ይህ ሲደጋገም ጥርሱ ይላላል፤ የዛገ ብሎን ሲፈታ ደግሞ የቴስታታውን ጥርስ ጠርጎ ይወጣል። የቮልስ ማሞቂያ ሙቀቱን የሚያገኘው ከጭስ ቱቦው ዙሪያ ስለሆነ፣ እዚያ አካባቢ ጭስ ሲያፈስ ዝም ብሎ መንዳት አይገባም።

በአካባቢያችን በቀላሉ የሚሠራው ወፍራም ብሎን ነው። ቀዳዳው በ8.5 ሚሊሜትር ፑንታ (የመብሻ ብረት) ይሰፋና የ10 ሚሊሜትር ጥርስ ይወጣለታል፤ አንዱ ጫፉ 10፣ ሌላው 8 የሆነ ብሎን ይተከላል። ጎበዝ ቶርኖ ቤት ብሎኑን ይሠራዋል፣ ወጪውም ትንሽ ነው። ነገር ግን ብረቱ አሁንም የሚነክሰው ያንኑ ለስላሳ አሉሚኒየም ነው። ዳግም ከተበላ ከዚያ በላይ የሚሰፋበት ቦታ ብዙ ጊዜ የለም።

እኔ ለአብዛኛው ባለ መኪና የምመርጠው ሄሊኮይልን ነው። ከማይዝግ ብረት የተጠቀለለ ሽቦ ሲሆን፣ ቀዳዳው በ8.3 ፑንታ ይሰፋና በራሱ ልዩ ጥርስ ማውጫ ጥርስ ይወጣለታል፤ ተራው የ10 ማውጫ አይሆንም። ከዚያ በኋላ የፋብሪካው የ8 ብሎን እንደነበረው ይገባል፣ የሚነክሰውም ጠንካራ ብረት ነው። ስትገዙ 8 በ1.25 (8 ሚሊሜትር ውፍረት፣ በጥርስና ጥርስ መካከል 1.25 ሚሊሜትር) መሆኑን አረጋግጡ፤ ለአሉሚኒየም 12 ወይም 16 ሚሊሜትር ርዝመት ያለውን ሽቦ ውሰዱ። ከገባ በኋላ ታች ያለችው ጭራ ተሰብራ መውጣት አለባት፤ ከቀረች ብሎኑ እስከ መጨረሻው አይገባም።

ታይም-ሰርት የሚባለው ቡሺንግ (ውስጡም ውጭውም ጥርስ ያለው የብረት ቱቦ) ከሁሉም ይጠነክራል። አንገት ስላለው ወደ ውስጥ አይሰምጥም፣ የታችኛው ጥርሱም ሲገባ ተለጥጦ ስለሚቆለፍ ከብሎኑ ጋር ተፈትቶ አይወጣም። ማርሚታው ቶሎ ቶሎ ለሚወርድበት ሞተር ይህን የሚያህል የለም። ሆኖም ሙሉ ዕቃው ውድ ነው። ለአንድ ቀዳዳ ብላችሁ አትግዙት፤ ዕቃው ያለው ጋራዥ ካገኛችሁ ግን ለጉልበቱ መክፈል ያዋጣል።

ብየዳ የሚያስፈልገው ቀዳዳው ዙሪያ ሲሰነጠቅ ብቻ ነው፤ ያኔም ቴስታታው ወርዶ በአርጎን ይበየዳል፣ ፊቱም እንደገና ይስተካከላል። የብረት ማጣበቂያ የጭስ መውጫውን ሙቀት አይችልም፤ ለእሱ ገንዘብ አታውጡ።

የትኛውንም ብትመርጡ ዋናው ፑንታው ቀጥ ብሎ መግባቱ ነው። ሠራተኛው ትራፓኑን (መብሻ ማሽኑን) በነጻ እጁ ሊይዝ ካሰበ አስቁሙት፤ ጠማማ ቀዳዳ ላይ ውዱ ቡሺንግም ጓርኒሲዮኑን (ጭስ እንዳያልፍ መሃል የሚገባውን ማሸጊያ) እኩል አያስጨብጥም። ፑንታውን ግራሶ ቀቡት፣ ፍቅፋቂው እንዳይገባበት የጭስ መውጫውን በጨርቅ ድፈኑ። ዳዶዎቹን መዳብ የተቀቡ አድርጉና በ20 ኒውተን ሜትር ገደማ አጥብቁ፤ ሞተሩ ሞቆ ከቀዘቀዘ በኋላ አንድ ጊዜ እንደገና ፈትሹ።