ዊሊያምስበርግ የምትሄዱ፣ «ነጻ ቲኬት» ከሚላችሁ ሰው ራቁ

ከዲሲና ከአካባቢዋ ቤተሰብ ይዛችሁ ዊሊያምስበርግ ልትሄዱ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ ከመነሳታችሁ በፊት ይቺን አንብቡ። እኔን 40 ዶላርና አንድ ሙሉ ቅዳሜ በልታኛለች። (ሰዓቱን በሀገራችን አቆጣጠር ነው የምጽፈው፣ ዓመተ ምሕረቱን ግን በፈረንጅ።)

እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታለች። ዋይት ሐውስን በአጥር አይታ ጨርሳለች፣ ሞል ደግሞ ሰልችቷታል። እስቲ ቀስ እያልን የምንዞርባት አሮጌ ከተማ ላሳያት አልኩ። ዊሊያምስበርግ ከ1699 እስከ 1780 የቨርጂኒያ ዋና ከተማ ነበረች፤ አብዛኛውን ጊዜ በእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ስር። በኋላ ተረስታ ቆይታ፣ ከ1926 ጀምሮ ጉድዊን የሚባሉ የአጥቢያው ቄስ የነዳጅ ከበርቴውን ልጅ ጆን ሮክፌለርን አሳምነው አስጠገኗት። ዛሬ ከዚያ ዘመን የተረፉ ከ80 በላይ ቤቶች አሉ። የገዢው ቤተ መንግሥት ግን በ1781 ተቃጥሎ እንደገና የተሠራ ነው።

ማለዳ 12 ሰዓት ተነሳን። የናይንቲ ፋይቭ አውራ ጎዳና እንደልማዱ በመኪና ተጨናንቆ ነበር። 150 ማይሉን ጨርሰን ለቁርስ አንድ ፓንኬክ ቤት ስንቆም፣ በሩ ላይ ጠረጴዛ ዘርግታ የተቀመጠች ልጅ አገኘን። ካርታ አላት፣ «የጎብኚዎች መረጃ» የሚል ጽሑፍ አላት። የከተማው ሠራተኛ መስላኝ ቲኬት ከየት እንደሚገዛ ጠየቅኳት። «ለሦስታችሁም በነጻ እሰጣችኋለሁ፣ ከአስጎብኚ ጋር» አለች። አንድ ሰዓት ተኩል ብቻ ገለጻ ትሰማላችሁ፣ 40 ዶላር መያዣ ታስይዛላችሁ፣ ስትወጡ ይመለሳል። ባለቤቴ በክርኗ ጎሰም አደረገችኝ። እኔ ግን ካርዴን አውጥቼ ነበር። ነጻ ሲባል ጆሮዬ ይደፈናል መሰለኝ።

ገለጻው ታይም ሼር ነው። በየዓመቱ አንድ ሳምንት የምታርፉበትን ቤት «ግዙ» ይሏችኋል፤ ከዋጋው ሌላ በየዓመቱ የጥገና ክፍያ አለ። ልጅቷ ባልና ሚስት አብራችሁ ካልገባችሁ አይሆንም ያለችው፣ «ሚስቴን ላማክር» ብለን እንዳናመልጥ መሆኑ ቆይቶ ነው የገባኝ።

4 ሰዓት ተኩል ላይ ገባን። ጠረጴዛው ላይ ከረሜላ በሳህን ተቀምጧል። ሰውየው ሲስቅ አያርፍም። እናቴ ጠጋ ብላ «ልጄ፣ ይሄ ሰውዬ ምን ፈልጎ ነው እንዲህ የሚስቀው?» አለችኝ። ወረቀት ላይ 24,000 ጻፈ፣ ሰረዘው። አለቃው መጣና 17,000 ጻፈ፣ «ለዛሬ ብቻ»። በየመሐሉ አንድ ሰው በገዛ ቁጥር ደወል ይደወላል፣ ያጨበጭባሉ። እምቢ ብለን ስንነሳ ወደ ሌላ ክፍል ወሰዱን፤ እዚያ ያለችው ሴትዮ 9,000 አለች። አንድ ሰዓት ተኩል የተባለው አራት ሰዓት ሊሞላ ምንም አልቀረውም።

ቲኬቱን ይዘን ከተማው ስንደርስ ወደ 9 ሰዓት ተኩል ሆኗል። ቤቶቹ በ11 ሰዓት ይዘጋሉ። አስጎብኚ የተባለው ጠዋት የሚነሳ ጉዞ ነው፤ አልፏል። ቲኬቱ ደግሞ ለዚያው ቀን ብቻ።

ከሁሉ የሚቆጨኝ ይሄ ነው። በአሜሪካ አብዮት ዋዜማ ከከተማዋ ነዋሪ ከግማሽ በላይ ጥቁር ነበር፣ አብዛኛው በባርነት። ከ1760 እስከ 1765 ጥቁር ልጆች የተማሩበት ቤት ሳይፈርስ ተገኝቶ፣ በ2023 በመኪና ተጭኖ ወደ ታሪካዊው ሰፈር ተወስዷል። ይሄንን የሚያውቅ ሰው እየነገረን መዞር ነበር ያሰብኩት። የደረስንበት አንጥረኛው ቤት ብቻ ነው። እናቴ ወናፉን ስታይ ፊቷ በራ። «ይሄማ የኛው ነው!» አለች። አሥር ደቂቃ እንኳ ሳትቆም ሊዘጉ ነው ተባለ።

ለምትሄዱ፦ በዱክ ኦፍ ግሎስተር መንገድ መሄድ ገንዘብ አያስከፍልም። ቀን ቀን መኪና አይገባበትም፣ ለአሮጊትም ለሕፃንም ይመቻል። ቲኬት የሚያስፈልገው ቤቶቹና የእጅ ሥራ ሱቆቹ ውስጥ ለመግባት ነው፤ እሱንም ከጎብኚዎች ማዕከሉ ራሱ ወይም ከድረ ገጹ ግዙ። ምግብ ቤትና ሱቅ በር ላይ የተቀመጠ ሰው ስለ ገቢያችሁና ስለ ትዳራችሁ ከጠየቀ፣ ቲኬት ሻጭ አይደለም። መንዳት የሰለቸው በባቡር መሄድ ይችላል፤ ጣቢያው ከቤተ መንግሥቱ በእግር የሚደረስ ነው።

ፈርማችሁ ከሆነ ደግሞ አሁኑኑ ውሉን አውጡ። በቨርጂኒያ ሕግ የታይም ሼር ውል ከፈረማችሁ በኋላ ለመሰረዝ 7 ቀን አላችሁ፤ ቅዳሜና እሁድም ይቆጠራል። ስልክ ደውሎ «ተውኩት» ማለት አይበቃም። በጽሑፍ አድርጉት፣ መድረሱን በሚያስፈርም ፖስታ ላኩት፣ ደረሰኙን ያዙ።

የኔ 40 ዶላር «በሂደት ላይ ነው» ከተባለ ሦስት ሳምንት ሆነው። ትናንት ለባንኩ ደውዬ ክፍያውን ተቃውሜያለሁ።