ቆዳው ተቀይሮ የተመለሰ የደብር ከበሮ፦ ከጥቅምት እስከ ነሐሴ እንዴት አገለገለ?

ደብረ ብርሃን ዙሪያ ባለ አንድ ደብር የሚያገለግል የዋንዛ ከበሮ ነው። ከአንድ ግንድ የተፈለፈለ ሲሆን ቁመቱ 80 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ ሰፊው አፍ 45፣ ጠባቡ 25 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። ጥቅምት ላይ ሁለቱም ቆዳዎች ወልቀው በአዲስ ተተኩ፣ ሁለቱን ቆዳዎች ወጥሮ የሚይዘው የቆዳ ገመድ፣ ጠፍሩ፣ ሙሉ በሙሉ ተቀየረ፣ እንጨቱ ላይ የነበረው ስንጥቅም ከውስጥ በኩል ስስ ጣውላ ተለጥፎበት ተደፈነ። ከዚያ ወዲህ ውርጩንም ጉሙንም ቀምሷል። የሰፊው አፍ ድምፅ ከአሮጌው እጅግ ይሻላል። ጠባቡ ግን ክረምቱን አልቻለውም፤ ምክንያቱም የሚመታበት መንገድ ሳይሆን አሠራሩ ነው።

ከበሮ ሲታደስ ሰው ሁሉ ቆዳው የበሬ ነው የላም ብሎ ይጠይቃል። ከዚያ ይልቅ ቆዳው እስኪሠራበት ድረስ በምን እንደቆየ መጠየቅ ይበጃል። ነጋዴ ዘንድ የሚገኘው አብዛኛውን ጊዜ ጨው የጠጣ ነው። ጨው ደግሞ ከአየር እርጥበት ይስባል፤ በደንብ ካልታጠበ፣ ደርቆ የተወጠረው ቆዳ ጉም ባየ ቁጥር ይረግባል። ጠባቡ አፍ ላይ የዋለው እንዲህ ያለው ነበር፤ ሰፊው ላይ የገባው ለበዓል ከታረደ በሬ በዕለቱ የተገፈፈ ጥሬ ቆዳ ነው። እስከ ግንቦት ልዩነታቸው አይታወቅም ነበር። ሐምሌ ሲገባ ሰፊው ትንሽ ዝቅ ብሎ ሲቆም፣ ጠባቡ እንደ እርጥብ ጨርቅ ዱብ ዱብ ማለት ጀመረ። የጨው ቆዳ መጠቀም የግድ ከሆነ ውሃውን ሦስት አራት ጊዜ እየቀየሩ ሁለት ቀን መዘፍዘፍ ነው፤ በደጋው ብርድ ሦስት ቀንም ቢቆይ አይበዛበትም። ሳይታረድ የሞተ ከብት ቆዳ ግን በነጻ ቢሰጥም አይወሰድም፤ አባ ሰንጋ በጥሬ ቆዳ ይተላለፋል።

ቆዳ ሲመረጥ በሥጋው በኩል የቢላ ጭረት መኖር አለመኖሩ በብርሃን ይታያል። ላዩን የማይታወቅ ጭረት ሲወጠር ይከፈትና ቀዳዳ ይሆናል። የጀርባው መስመር በአፉ መካከል እንዲያልፍ ተደርጎ ይቆረጣል። የሆድ በኩል ቆዳ ስስና ተለጣጭ ስለሆነ ወደ አንድ ወገን ከተሰበሰበ ያ ወገን ሁልጊዜ ይረግባል፤ ጠፍር ቢያጠብቁትም መላ የለውም።

ዋናው ሥራ ጠፍሩ ላይ ነው። ከአንድ ቆዳ ዳር ተነሥቶ ዙሪያውን እየተሽከረከረ፣ በትንሽ ጣት ስፋት፣ ሳይቀጠል ቢቆረጥ ይመረጣል። ቋጠሮ የበዛበት ጠፍር እየቆየ የሚንሸራተተው ቋጠሮው ላይ ነው። ቀዳዳዎቹ ከቆዳው ጠርዝ ቢያንስ ሁለት ጣት ገባ ማለት አለባቸው። ቆዳ ለመቆጠብ ተብሎ አንድ ጣት ላይ የተበሱት፣ ኅዳር ላይ አየሩ ሲደርቅና ቆዳው ሲኮማተር ወደ ጠርዙ ተተርትረዋል። የተተረተረን ቀዳዳ መልሶ መሳብ ያባብሰዋል እንጂ አያድነውም፤ አጠገቡ ወደ ውስጥ ገባ አድርጎ አዲስ መብሳት ይሻላል።

ውጠራው ሁለት ዙር ነው። መጀመሪያ ቆዳውም ጠፍሩም እንደራሰ ዙሪያውን በእጅ ብቻ ይያዛል። ውሃው ከጠፈፈ በኋላ፣ ማለትም ቆዳው ሲነኩት ቀዝቅዞ እጅን ግን ሳያርስ፣ ፊት ለፊት ያሉትን እያፈራረቁ ማጥበቅ ነው። በአንድ በኩል ጀምሮ ዙሪያውን የሚያጠብቅ ሰው ቆዳውን ወደ አንድ ጎን ይጎትተዋል። ከዚያ አንድ ሳምንት ጥላ ውስጥ ይቆያል። ፀሐይ ላይ ቢሰጣ ላዩ ደርቆ ውስጡ እርጥብ ስለሚሆን ውጥረቱ እኩል አይሆንም፤ ቀዳዳዎቹም ዙሪያ ይሰነጠቃሉ። ከሠሪው እጅ ሲረከቡ ጠርዝ ጠርዙን በጣት ጫፍ እየኮረኮሩ መዞር ነው። አንዱ ጋ ድምፁ ወረድ ካለ በዚያ በኩል ያለው ጠፍር ላልቷል፤ እዚያው ማስተካከል ይቀላል። ጠባቡን አፍ ሳይፈትሹ መቀበል የተለመደ ነው። ሊቃውንቱ ሰፊውን በሐዲስ ኪዳን፣ ጠባቡን በብሉይ ይመስሉታል፤ ቆዳ ሲለበጥ ግን ብሉዩ ሁልጊዜ የተረፈው ቁራጭ ይደርሰዋል።

ማኅሌት ላይ ሰፊው አፍ መረግዱን፣ ማለትም ዝግ ያለውን ምት፣ ጥሩ አድርጎ ይሸከማል፤ ምቱ ይሞላል፣ ሳይጎትትም ይቆማል። ጽፋት፣ ማለትም ፈጣኑ ምት፣ ሲገባ የሚፈለገው ሌላ ነው፤ ቆዳው መዳፍን ወዲያው መመለስ አለበት፣ ካልመለሰ መቺው ይደክማል፣ ወረቡም ይጎተታል። በደረቁ ወራት ሁለቱንም አሳምሮ ይሠራል። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ግን ድምፁ ይከርራል፤ ከ2,800 ሜትር በላይ ባለ አገር የበጋው አየር ደረቅ ነውና ቆዳው ከመጠን በላይ ይወጠራል።

ከባዱ ፈተና ጥምቀት ነው። በከተራ ሌሊት ደጅ ያደረ ከበሮ ጠል ጠጥቶ ጧት ይረግባል፤ አምስትና ስድስት ሰዓት ላይ የጥር ፀሐይ ሲያገኘው ደግሞ በአንዴ ይከርራል። ቆዳና ጠፍር የሚበጠሱት በዚህ ቅጽበት ነው። ሌሊት በጋቢ መሸፈን፣ ቀን በየመሐሉ ጥላ ማስያዝ፣ ቢቻል ሁለት ከበሮ ይዞ ማፈራረቅ ነው መድኃኒቱ። ጧት ረገበ ተብሎ እሳት ዳር የሚያስጠጉት አሉ። የራሰ ቆዳ ሙቀቱ 60 ዲግሪ ሴልሺየስን ትንሽ ካለፈ ኩርምት ይልና ወደ ነበረበት አይመለስም። ማሞቅ የግድ ከሆነ እጅዎን ቆዳው ባለበት ቦታ ይዘርጉ፤ መዳፍዎ ሳይለበልበው መቆየት ካልቻለ ቆዳውም አይችልም።

ብዙ ሰው የማያስበው ጉዳት የሚደርሰው ከበሮው በማይመታበት ጊዜ ነው። የ55 ቀኑ ዐቢይ ጾም ከበሮና ጸናጽል የሚያርፉበት ነው። ያን ጊዜ ሁሉ ዕቃ ቤት ሲሚንቶ ላይ በሰፊው አፉ ከቆመ ወለሉ እርጥበት ይሰጠዋል፤ ለፋሲካ ሌሊት ሲነሣ አንድ አፉ የላላ፣ አንድ አፉ የከረረ ይሆናል። ሁለት እንጨት ላይ በጎኑ ማጋደም ይበቃዋል። በባና ከተጠቀለለ ብል እንዳይገባ አልፎ አልፎ ይራገፍ።

ልብሱ ሌላው ችግር ነው። አዲሱ ግምጃ እላዩ ላይ ተሰፍቶ ነበርና ክረምት ላይ ሲፈታ ከሥሩ ጠፍሩ ሻጋታ ይዞ ተገኘ። አሁን በክር ታስሮ በቀላሉ የሚፈታ ተደርጓል፤ ዝናብ ባባራ ቀን ተገልጦ ይናፈሳል። ቆዳው እንዲለሰልስ ቅቤ መቀባትም ቢቀር ይሻላል። ቅቤ ቆዳውን ያደነዝዘዋል፣ አይጥም ይጠራል። ቅቤ የሸተተው ጠፍር ላይ የአይጥ ጥርስ ካረፈ በአንድ ሌሊት የሚፈታው ውጥረት የሳምንት ሥራ ነው።

ከላሜራ የተሠራ ከበሮ ርካሽ ነው፣ አይሰነጠቅም። ቢሆንም በብርድ ጊዜ የሰው ትንፋሽ የሞላው ቤተ መቅደስ ሲገባ ብረቱ ያልበዋል፤ ላቡም ቆዳው ከብረቱ ጋር የሚገናኝበትን ጠርዝ ያርሰዋል። ሸዋ ሮቢት ላለ ሰው ይህ ችግር ላይሆን ይችላል። ለጣርማ በርና ለአንኮበር ጉም ግን እንጨት ይሻላል፤ ዋንዛ ካለ ደግሞ ቀላልና በቀላሉ የማይሰነጠቅ ስለሆነ ሌላ መፈለግ አያሻም። እንጨቱ ደህና እስከሆነ ድረስ አዲስ ከመግዛት ማደሱን እንመርጣለን።

የሰፊው አፍ ቆዳ ለከርሞም ይቀጥላል። ጠባቡ መስከረም ሲጠባ ይወልቅና ጨው ባልነካው ቆዳ ይለበጣል። የማንገቻው ጠፍር ትከሻ የሚነካበት ቦታ ሳስቷል፤ አብሮ ይቀየራል፣ በዚያ ላይ ስፋቱ አራት ጣት ቢሆን የመቺውን አንገት ያሳርፋል።